አፈር ያላስታቀፍነው ማንጎ

ብርድ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር እኛ ቤት የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ የጓሯችን ማንጎ። ዘንድሮ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። በጋው ምድጃ ነው፣ እርጥበቱም አያንስም፤ ማንጎውም ፓፓያውም ዘይቱኑም ይበቅላል። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ደህና ከርሞ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ብቻ የሚመጣው ውርጭ ነው። ከሁለታችን አንዷ ያደገችው አርባ ምንጭ ነው። እዚያ ማንጎን ብርድ ልብስ የሚያለብስ ሰው የለም፤ ልጆች በድንጋይ ያወርዱታል እንጂ።

ዛፉን የተከልነው በ2016 ነው። ኬንት የሚባለው ዓይነት ሲሆን የተከተበ ችግኝ ነበር፤ ማለትም ከዘር በበቀለ ሥር ላይ የጥሩ ማንጎ ቅርንጫፍ ተገጥሞበታል። ጉድጓዱን የቆፈረው ያኔ 12 ዓመቱ የነበረው ልጃችን ነው። ቦታው ወደ ደቡብ ከሚያየው ግድግዳ ሥር ነው፤ ግድግዳው ቀን የሞቀውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ይሰጣል። በ2020 ዘጠኝ ፍሬ ሰጠን። አራቱን ቤት ኅብረታችን ላይ ቆርሰን በላን፤ አንዲት እናት ልጣጩን ሳይቀር እያሸተቱ አለቀሱ።

በፌብሩዋሪ 2021 ያ ታላቅ ብርድ መጣ። የምናውቀውን ሁሉ አደረግን። እርጥብ አፈር ሙቀት ስለሚይዝ አስቀድመን ውኃ አጠጣን። አሮጌውን የገና መብራት፣ አምፖሉ የሚሞቀውን፣ በቅርንጫፎቹ ላይ ጠመጠምን (አዲሱ ኤል ኢ ዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም)። ላዩን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ጸልየን ገባን። ሌሊት መብራት ጠፋ። በቴክሳስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ጨለሙ፤ የእኛም ለሦስት ቀን። ካፖርት እንደ ለበስን አንድ ክፍል ውስጥ ተኮራምተን ሰነበትን። ውጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነበር። ትልቅ ማንጎ እንኳ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪን የሚችለው ለጥቂት ሰዓት ነው።

ብርድ ልብሱን ስንገልጥ ቅጠሉ የተቀቀለ ይመስል ነበር። መጋዝ አንሥተን ሳለ ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን አባት፣ ዕድሜያቸውን አገር ቤት በእርሻ ያሳለፉ፣ ከለከሉን። «እስከ ጁን አትንኩት። የሞተው ከቆመው የሚለየው ሲሞቅ ነው።»

በሜይ ከግንዱ ሥር ቀይ ቀይ ቡቃያ ብቅ አለ። እንዴት ደስ እንዳለን! እሑድ ተነሥተን መሰከርን፤ ጉባኤው እልል አለ። በማግስቱ ጋሼ ሊያዩት መጡ። ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጆቼ፣ ይኼ የእናንተ ማንጎ አይደለም። ከመጋጠሚያው በታች ነው የበቀለው። ኬንቱ ሞቷል፤ ይኼ ሥሩ ነው።» ቀጥለውም «መጋጠሚያውን ምን አለበሳችሁት?» ብለው ጠየቁ። ምንም። ብርድ ልብሱ ከጉልበት በላይ ነበር። መጋጠሚያውን አፈር ማስታቀፍ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ቅጠሉ ቢረግፍ፣ ቅርንጫፉ ቢደርቅ እንኳ ከአፈሩ ሥር ያለው ኬንት እንደገና ያቆጠቁጥ ነበር። እኛ የሸፈንነው የሚታየውን ነው።

ከዛፍ ሁሉ ስብከት ማውጣት ደግ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ልጅም ዛፍ አይደለም። ግን ይህን ካልነገርናችሁ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። በዚያው ሰሞን ልጃችን፣ በዝማሬ ቡድኑ ከበሮ የሚመታው፣ አንድ ማታ ከራት በኋላ «እኔ እኮ የምመጣው እናንተ ሰው ፊት እንዳታፍሩ ብዬ ነው» አለን። አልተቆጣም፤ በለሆሳስ ነው የተናገረው። ስለ እርሱም ደጋግመን መስክረን ነበር። ጌታ ስለ ወይን ግንድና ስለ ቅርንጫፎቹ የተናገረውን የዮሐንስ 15 ክፍል በቤት ኅብረት ስንት ጊዜ አስተምረናል። እቤታችን ግን ስንጠብቅ የኖርነው አለባበሱን፣ ሰዓት ማክበሩን፣ ሽማግሌዎች ስለ እርሱ የሚሉትን ነበር። ብቻውን ሲሆን ከጌታ ጋር ይነጋገር እንደ ሆነ ጠይቀነው አናውቅም። እውነቱን ለመናገር መልሱን ፈርተን ነው።

ያን ማታ ይቅርታ ጠየቅነው። እሑድ መቅረት ሲጀምር ሰዎች ጠየቁን፤ «አሟል» ማለቱ ቀላል ነበር፤ ሁለቴም ብለናል። በሦስተኛው «አልመጣም አለ፤ ጸልዩለት» አልን።

ጋሼ ሥሩን እንድንነቅለው አልፈቀዱም። የአምስት ዓመት ሥር ነው፣ እንደገና ይከተባል አሉ። በ2021 የከተቡት ደረቀ። በ2022 በጋ፣ ልጃችን ኮሌጅ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ እርሳስ የሚያህል ወፍራም የኬንት ቅርንጫፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፕላስቲክ ጥብጣቡን እንዲይዝላቸውም እርሱን ጠሩት። ቆርጦ፣ ገጥሞ፣ ጠምጥሞ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እነርሱ ግን ከዛፉ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። በመስኮት እናያቸው ነበር። ምን እንደ ተነጋገሩ አልጠየቅንም፤ ይህን ያህል ተምረናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡቃያው ጥብጣቡን ገፍቶ ወጣ፤ ከመጋጠሚያው በላይ።

በጃንዋሪ 2025 ሂውስተን ላይ በረዶ ወረደ። ሊመሽ ሲል ሁለታችንም ተንበርክከን በእጃችን አፈር እያስታቀፍን ሳለ ስልክ ጮኸ። ልጃችን ነው፤ አሁን ሌላ ከተማ ይሠራል። ቤተ ክርስቲያን አንዳንዴ እንደሚሄድ ነግሮናል፤ ከዚያ አልፈን አንመረምረውም። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «መጋጠሚያውን አፈር አስታቅፋችሁታል?» አለ። «አሁን እያደረግን ነው» አልነው። «እስከ የት?» «ከመጋጠሚያው አንድ ስንዝር በላይ።» ትንሽ ዝም አለና «ለጋሼ ልደውልላቸው፤ ቤታቸው እንዳይበርዳቸው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ብርዱ ሲያልፍ አፈሩን መልሰን በእጃችን ገለጥነው፤ ከቆየ ቅርፊቱን ያበሰብሳልና። ቅጠሉ ረግፏል። ግንዱን በጥፍር ጫር ስናደርገው አረንጓዴ ነበር።