«መዋኘት ትችላለህ?»

ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገ ሰው ስለ ባሕር ሊጽፍ ሲነሣ አንባቢ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። እኔም ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ላይ በአንድ ቀን የተማርሁት ነገር፣ በዚህ ግቢ በሁለት ዓመት ከተማርሁት ከብዙው የበለጠ ልቤ ውስጥ ስለ ገባ፣ ዝም ማለቱ ንፉግነት መሰለኝ። ታሪኩም ኑዛዜ አለበት፤ ኑዛዜ ደግሞ ለወዳጅ ሲነገር ይቀላል።

ከነገሩ ሥር ልነሣ። በተወለድሁበት ከተማ ጥግ አንዲት ወንዝ ትወርዳለች። በበጋ ሕፃን ይሻገራታል፤ በሐምሌ ግን በሬ ትወስዳለች። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ትደግመው ጀመር፤ እኔም ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ላንጋኖ ሽርሽር ሲሄዱ የልብስ ጠባቂነቱ ሹመት የእኔ ነበር። ለምን አትገባም ሲሉኝ «ብርድ አልወድም» እላለሁ። የላንጋኖ ውሃ ለብ ያለ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ወዳጆቼ ሩኅሩኆች ስለሆኑ አልተከራከሩኝም።

ወደ ዛንዚባር የወሰደኝ ከጎረቤት አገሮች የመጣን ተማሪዎች የተገናኘንበት የዐሥር ቀን የውይይት ስብሰባ ነበር። ስብሰባው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ተነሥቼ ስለ ተማረው ሰው ኃላፊነት ንግግር አደረግሁ። ሕዝቡ በጨለማ መኖሩን፣ መብራቱን ይዞ መቅደም የእኛ ፈንታ መሆኑን፣ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ከእኛ ብዙ እንደሚጠብቁ አስረዳሁ። ጭብጨባው መልካም ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ማታ ነው። በማግሥቱ ዕረፍት ስለ ነበረን ስምንት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ቹምቤ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ለአንድ ቀን ስኖርክሊንግ ልንሄድ ተስማማን።

ስኖርክሊንግ ማለት ባሕር ውስጥ ጠልቆ መውረድ አይደለም። ሰው መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ በጥርሱ ይዞ፣ በሆዱ ተኝቶ እየተንሳፈፈ ታች ያለውን ማየት ነው። አየር የታመቀበት ጋን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ መግባት ሌላ ሙያ ነው፤ በቹምቤ ጎብኚ እንዲያ እንዲያደርግ እንኳ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ጉዞው ለጀማሪም የሚሆን ነው ተባለ። «ለጀማሪ» የሚለውን ቃል ስሰማ ለሌሎቹ የተነገረ መስሎኝ ነበር።

ጀልባችን ከዋናው ከተማ በስተ ደቡብ ካለው ከምብዌኒ ጠረፍ ተነሣች። መንገዱ ከሦስት ሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከሩቅ የሚታየው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ያሠሩት የመርከብ መብራት ግንብ ነው። መሪያችን ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ፣ ቆዳቸውን ፀሐይና ጨው ያጠቆረው፣ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። በዚያ አገር ልማድ ሁላችን «ምዜ» አልናቸው፤ እኔ ግን በሆዴ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ከደሴቷ ትይዩ ካለ መንደር የተወለዱ፣ ብዙ ዘመን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ በኋላም የደሴቷ ጠባቂ የሆኑ ናቸው። ጠባቂ ስል መሣሪያ የያዘ እንዳይመስላችሁ፤ የቹምቤ ጠባቂዎች መሣሪያቸው ምላሳቸው ነው። አንድ አጥማጅ ወደተከለከለው ስፍራ ሲመጣ ወደ እሱ ሄደው እንደ ዘመድ ያናግሩታል።

በጀልባው ላይ እያንዳንዳችንን በየተራ «መዋኘት ትችላለህ?» እያሉ ጠየቁን። ከሞምባሳ የመጣች ልጅ እየሣቀች «እንደ ዓሣ» አለች። ከካምፓላ የመጣው «ጥቂት ጥቂት» አለ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ የትናንቱ ጭብጨባ ገና በጆሮዬ ነበርና «አዎን» አልሁ። አንድ ቃል ናት። አንድ ቃል ግን አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ኩንታል ትከብዳለች።

ትምህርቱ የተጀመረው ጉልበት በሚደርስ ውሃ፣ አሸዋ ላይ ቆመን ነው። የተማርነውን ለሚሄድ ሰው ይጠቅም ይሆናልና ልዘርዝረው። አስቀድሞ መነጽሩ ላይ ምራቅ ይተፋበታል፣ ከውስጥ በጣት ይታሻል፣ በውሃ ይለቀለቃል፤ ይህ ጉም እንዳይዘው ነው። ቀጥሎ መነጽሩ ማሰሪያው ሳይጠብቅ ፊት ላይ ይደረግና በአፍንጫ አየር ይሳባል፤ ፊት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ልኩ ነው፣ ከወደቀ ሌላ ይፈለጋል። አፍንጫው በመነጽሩ ስለሚሸፈን መተንፈስ በአፍ ብቻ ነው፤ ያውም በዝግታ፣ ረጅም ረጅም እያደረጉ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ቢገባ መደንገጥ አያስፈልግም፤ እሳት እንደሚያራግብ ሰው በኃይል አንዴ እፍ ማለት ነው፤ ውሃው በጫፉ ይወጣል። የዳክዬ እግር የሚመስለው የላስቲክ ጫማ የሚንቀሳቀሰው ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ትእዛዝ አለ፦ ምንም ነገር አትንኩ፤ በምንም ምክንያት ኮራል ላይ አትቁሙ።

በዚህ ጊዜ አንድ ችግር ተከሠተ። ብዙ ዘመን የተንከባከብሁት ጢሜ መነጽሩን በሚገባ አላስገጥም ብሎ ውሃ ያስገባ ጀመር። ምዜ ኪሳቸው ውስጥ የነበረ ቫዝሊን አውጥተው ጢሜን ቀቡልኝ። ያች የሞምባሳ ልጅ እስኪያማት ሣቀች። እሳቸው ግን ጢሜን እየቀቡ እጄን ያዩ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁለተኛ ጊዜ «መዋኘት ትችላለህ?» አሉኝ። ማንም አይሰማንም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር። እኔ ግን «አዎን አልኩዎት እኮ» አልሁ፤ ቆጣም አልሁ።

ምንም አልመለሱልኝም። ለሁላችንም የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አስለበሱን። ከዚያም ቀይ ክብ ተንሳፋፊ አመጡና ገመዱን በእጃቸው ይዘው «ይህን የሚገፋልኝ ጠንካራ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ለእሳቸው ረዳት የሆንሁ መስሎኝ ኮራሁ። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል፤ ሰውየው ሕይወቴንና ክብሬን በአንድ ገመድ አስረው ነበር።

ፊቴን ወደ ውሃው ባደረግሁ ጊዜ ያየሁትን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? መጀመሪያ የገረመኝ ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ባሕር ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ውስጡ ግን ምጣድ ላይ ገብስ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ያለ ድምፅ አለበት። በኋላ እንደ ሰማሁት ይህ ጥቃቅን ሽሪምፖች ጥፍራቸውን ሲያስጮሁ ነው። ከዚያ ቀለሙ መጣ። በታቼ ጎጆ የሚያህሉ ክብ ድንጋዮች፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተነሡ ቅርንጫፎች፣ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጉ ሰፋፊ ቅጠሎች ነበሩ። ከተናዳፊ ክሮች መካከል ነጭና ብርቱካንማ ዝንጉርጉር ዓሣ ብቅ ብላ ተመለሰች። አፉ የበቀቀን መንቁር የሚመስል አረንጓዴ ዓሣ ድንጋዩን ሲግጥ ጥርሱ ይሰማል፤ የዋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ ከኋላው እንደ ዱቄት ይበትነዋል። ያ የምናደንቀው ነጭ የጠረፍ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። በቹምቤ ዙሪያ ከ400 በላይ የዓሣ ዓይነቶች እንደሚኖሩ ተመዝግቧል። ለጥቂት ደቂቃ ወንዛችንንም፣ እናቴንም፣ ያን ልጅም ረሳሁ።

ከዚያ አንዲት ሞገድ መጣች። ትልቅ አልነበረችም። በቱቦዬ ጫፍ ገባችና ጨው ጉሮሮዬን ሞላው። እፍ ማለቱን ረሳሁት። የማውቀው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ መሬት መርገጥ። ተንሳፋፊውን ለቅቄ እግሬን ቁልቁል ሰደድሁ። እግሬ አንድ ነገር ላይ ዐረፈ፤ ያም ነገር ከሥሬ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል።

ምዜ ከየት እንደ መጡ አላየሁም። ተንሳፋፊውን ከብብቴ ሥር አስገቡና ፊታቸውን ከፊቴ ፊት ለፊት አድርገው «ፖሌ ፖሌ» አሉ፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። «ቱቦውን አውጣ። ተንፍስ። አሁን እኔን እይ።» ሳል ሳልሁ፤ ተነፈስሁ። ሲረጋጋልኝ ሦስተኛ ጊዜ፣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ጠየቁኝ፦ «መዋኘት ትችላለህ?»

«አልችልም» አልሁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ ወንዙና ስለ ልጁ ነገርኋቸው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ለማንም ያልነገርሁትን፣ ውቅያኖስ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጢሜ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ለማላውቀው ሰው ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጀልባው ላይ ጠርዙን በሁለት እጅህ ይዘህ ነበር፤ የሚዋኝ ሰው እንዲያ አይዝም» አሉ። ከዚያ ወደ ታች ጠቁመው የሰበርሁትን አሳዩኝ። ስንዝር ተኩል የሚሆን ቅርንጫፍ አሸዋው ላይ ወድቋል፤ የተሰበረበት ቦታ እንደ አጥንት ነጭ ነው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከምሳ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀምጠው አስተማሩኝ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የሚሠራው እንስሳ ነው፤ ጥቃቅን ሆነው በማኅበር የሚኖሩ እንስሳት ቤታቸውን በኖራ ይገነባሉ። ቅርንጫፋማው ፈጥኖ ካደገ በዓመት አንድ ጣት ያህል ይጨምራል፤ ያ ጎጆ የሚያህለው ክቡ ግን በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። ስለዚህ ያየሁት ክብ ከደሴቷ መብራት ግንብ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያበሏቸዋል። ባሕሩ ከልኩ በላይ ለሳምንታት ከሞቀ ግን ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 በዛንዚባር ባሕር የደረሰው ይኸው ነበር። የቹምቤ ኮራል ከብዙ ቦታ የተሻለ ሆኖ የቆየው፣ የዛንዚባር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ስፍራውን ዓሣ የማይጠመድበት ጥብቅ ቦታ ስላደረገው ነው ይላሉ። እዚያ የሚፈለፈለው ዓሣ ድንበር አያውቅምና ወጥቶ የመንደሩን አጥማጆች መረብ ይሞላል።

«እኔም እንደ አንተ ‹አዎን› ብዬ ነበር» አሉኝ በመጨረሻ። «አስተማሪዎች መጥተው ስለ ኮራል ሊነግሩን ሲሉ፣ እኔ ባሕር ላይ ያደግሁ ነኝ፣ ምን ትነግሩኛላችሁ አልሁ። ዓሣውን አውቅ ነበር። ነፋሱን አውቅ ነበር። ድንጋዩ ሕይወት እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። ወጥመዴን ለመጎተት ስንት ጊዜ ቆሜበታለሁ!» ሣቁ። እኔ መሣቅ አልቻልሁም፤ የትናንት ማታው ንግግሬ ከነጭብጨባው ትዝ አለኝ። መብራት ይዤ እቀድመዋለሁ ያልሁት ዓሣ አጥማጅ አጠገቤ ተቀምጧል፤ በገመድ የጎተተኝም እሱ ነው። ልዩነታችንም መማርና አለመማር አልነበረም። እሳቸው አላውቅም ማለትን ከእኔ ቀድመው ተምረዋል፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዐውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ገባሁ። በዚህ ጊዜ ቀይዋን ተንሳፋፊ የያዝሁት እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ ጀማሪ ነው። ሞገድ ስትመጣ እፍ አልሁ፤ ውሃው ወጣ። ጨዋማ ውሃ ሰውን ተሸክሞ እንደሚያንሳፍፍ፣ የሚያሰምጠው በአብዛኛው የራሱ ግብግብ መሆኑን ያን ጊዜ በሆዴ ተኝቼ ተረዳሁ። ወንዛችን እንዲህ አይደለችም፤ ደራሽ ውሃ ሌላ ነው፣ እናቴም ልክ ናት። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ውሃን ሁሉ በአንድ ስም ስጠራ ኖሬ ነበር።

ከተመለስሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና እማራለሁ። ጓደኞቼ በክፍሉ ያሉት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ይበልጠኛል። እናቴ ገና አልሰማችም፤ ይህ መጽሔት እጇ እንዳይገባ አደራ።

ያች የሰበርኋት ቅርንጫፍ ቁመቷን ለመመለስ ሁሉ ከተመቻት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅባታል። እኔ በዚህ ግቢ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ለማግኘት የምቆይበት ያህል ነው። ስለዚህ ፈተና በደረሰ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። በክፍል ውስጥ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ሁላችን አንድ ላይ «አዎን» ስንል፣ ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ከእግሬ ሥር ይሰማኛል። ሰሞኑን አንድ ቀን እጄን አነሣሁና «አልገባኝም» አልሁ። ጥቂቶች ዞረው አዩኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሌላ እጅ ተነሣ፤ ቀጥሎም ሌላ።