በግ ሸጬ የገዛሁት ኦርጋን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኦርጋኔ ነው። ኦርጋን የምንለው ኪቦርድ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ነው። መግዛት የምታስቡ ካላችሁ አደራ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

እንደምታውቁት በግ ለኛ ለመንዞች ባንካችን ነው። ፀጉሩ ባና ይሆናል፣ ችግር ሲመጣም ይሸጣል። እኔም አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ «ያንቺ ናት» ብሎ አንዲት ግልገል ሰጠኝ። ብርድ ነው ውርጭ ነው ሳልል ጠብቄ አሳደግኋት። ሰባተኛ ክፍል ሚኒ ሚዲያ ስገባ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሙዚቃ ሆነ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ስናነብ በመሀል የምናሰማው ሙዚቃ ስለሌለን በአፋችን ነበር የምናዜመው። አንድ ቀን ደፈር ብዬ «በጌ ትሸጥና ኦርጋን ይገዛልኝ» አልኩ። አያቴ «የኔ ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው አማተቡ። አባቴ ሁለት ቀን ዝም ካለ በኋላ «በጓ የራስሽ ናት፤ ብትጸጸቺ ግን እኔ የለሁበትም» አለኝ።

በጓ መሐል ሜዳ ገበያ ወጥታ 6,000 ብር አወጣች። ገንዘቡ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ተላከለት። እሱም ያገለገለ ኦርጋን በ5,200 ብር ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ቁልፎቹ 61 ናቸው። ነጩ 36፣ ጥቁሩ 25፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

የመጣ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስድስት ድንጋይ ገዝተን ከተትንበት። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እያየኝ ስከፍተው ጭጭ! ብነካው ብነካው ምንም የለም። አባቴ «የሸጥናት በግ እንኳ ትጮህ ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ።

በማግስቱ ተሸክሜው ወደ ጠቅላላ ሳይንስ መምህራችን ሄድኩ። «ማሽን አያኮርፍም፣ ምክንያት አለው። ከቀላሉ ጀምረን እንፈልግ» አሉኝ። መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ከፈቱ። ለካ አንዱን ድንጋይ ገልብጬ ነው የከተትኩት! አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 9 ቮልት ይሆናሉ። አንዱ ሲገለበጥ የራሱን አለመስጠት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ያጠፋል፤ ስለዚህ የሚቀረው 6 ቮልት ነው። ደግሞም ሽቦው ላይ ድሮ ከፈሰሰ ድንጋይ የቀረ አረንጓዴ ዝገት ነበረበት። በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ከዚያ አብሮት የመጣውን አዳፕተር አገላብጠው ሲያዩት 12 ቮልት ይላል። የኦርጋኑ ጀርባ ላይ ግን የተጻፈው 9 ነው። «ይህን ብትሰኪው ኖሮ ሊቃጠልብሽ ይችል ነበር» አሉኝ። እንኳንም መብራት ጠፋ!

ድንጋዩን አስተካክለን ስንከፍተው ቀዩ መብራት በራ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሰባት ቁልፎች ድምፅ የላቸውም። መምህራችን «ዴሞ» የሚለውን ሲጫኑት ኦርጋኑ ራሱ አንድ ሙዚቃ ጥርት አድርጎ ተጫወተ። «አየሽ፣ ድምፅ ማውጫው ደህና ነው። ጥፋቱ ቁልፎቹ ሥር ነው ማለት ነው» አሉ። በኋላ አጎቴን በስልክ ስጠይቀው ሻጩም ያሰማው ይህንኑ ዴሞ ኖሯል። አጎቴም ሰምቶ፣ ደስ ብሎት፣ ከፍሎ ወጣ። ቁልፎቹን አልነካቸውም።

ቅዳሜ መምህራችን ካቻቪቴ ይዘው መጡ። ድንጋዩን አውጥተን ብሎኖቹን ፈታን። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ትንሽ ጎማ አለች፤ ጎማዋ ውስጥ ጥቁር ካርቦን አለ። ቁልፉን ስንጫን ካርቦኑ ከታች ያለውን ሰሌዳ ይነካና መስመሩን ያገናኛል። አቧራ ከገባበት አይገናኝም። አልኮል ባስነካነው ጥጥ ቀስ አድርገን ጠረግን፣ አደረቅን፣ ገጠምን። ስድስቱ ዳኑ። አንዷ ግን ካርቦኗ ተልጦ ስለነበር አልዳነችም። እሷም መሀል ላይ ያለችው ፋ ናት።

በጣም ከፋኝ። ክራር የሚጫወት የክበባችን ልጅ ግን ሳቀብኝ። «ሙሉ ትዝታ እኮ አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሞከርኩት፣ እውነቱን ነው! ኦርጋን ያላችሁ ልጆች ሌላም ሞክሩ፤ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን ዶ ብላችሁ ጥቁሮቹን ብቻ በተርታ ብትነኩ ያው ትዝታ ይወጣል።

መምህራችን «በድንጋይ የሚሠራ ነው ብለሽ አትናቂው» ብለው ስለ ኃይሉ መርጊያ ነገሩኝ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ዞናችን፣ ደብረ ብርሃን ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በኋላ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ በድንጋይ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናቸው ውስጥ ይዘው፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና አዲስ አልበም አወጡ። እኔም ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፋ ብዬ ልምምድ አላቆምም።

የወላጆች በዓል ዕለት ኦርጋኑን ከሞንታርቦው ጋር አገናኝተን ትዝታ ተጫወትኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለት ቦታም ተሳስቻለሁ። ስጨርስ አያቴ እልል አሉ። አባቴ ደግሞ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞር ብሎ «በጓ አሁን ጮኸች» አለ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ኦርጋን ስትገዙ በዴሞ አትታለሉ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሁሉንም ንኩ። የድንጋዩን ቤት ከፍታችሁ ዝገት እዩ። የአዳፕተሩ ቮልት ከኦርጋኑ ጋር አንድ መሆኑን አንብቡ። ከሶኬት ሳትነቅሉና ትልቅ ሰው ሳይኖር ደግሞ በጭራሽ አትክፈቱ። ከተበላሸባችሁም እንደኔ ከማልቀሳችሁ በፊት ድንጋዩን እዩ።

በሉ ደህና ሁኑ!

ከ8ኛ «ሀ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል