«አያይዢያቸው»

ጋዜጣችን ወደ ማተሚያ ቤት በሚሄድበት በየሐሙሱ ማምሸት የተለመደ ነው። በዚያን ዕለትም ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ፣ የታክሲውን ሰልፍ ጠብቄ ቤቴ ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር። የ5 ዓመቱ ልጄ በልቶ ተኝቷል። የ9ኛ ክፍል ተማሪዋ ትልቋ ልጄ ደግሞ ዕቃውን አጣጥባ፣ የእኔን እራት ከድና አስቀምጣ፣ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች ታንጎላጃለች። ደብተሩን ቀስ ብዬ አነሳሁት። በገጹ አናት ላይ ከ10 4 የሚል ቀይ ቁጥር አለ። ከሥሩም መምህሯ አንዲት አጭር ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ጽፋለች፤ ትርጉሟም «ዓረፍተ ነገሮችሽን አያይዢያቸው» ማለት ነው።

የድርሰቱ ርእስ «እናቴ» ነበር።

እህቶቼ፣ እናንተም እናቶች ናችሁና እንዲህ ያለ ርእስ ያለው ደብተር እጅ ሲገባ ልብ እንዴት እንደሚመታ አይጠፋችሁም። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፤ «እናቴ ጋዜጠኛ ናት። ለሴቶች ትጽፋለች። አምሽታ ትገባለች። ወንድሜ ትንሽ ነው። እራት እሠራለሁ። ማታ አላጠናም። እናቴን እወዳታለሁ።»

ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ በአንድ ሲታይ ሰዋስዉ ጥፋት የለበትም፤ ባለቤቱና ግሡ ይስማማሉ፣ ነጥቡም በቦታው ነው። እኔም በዚያች ሌሊት የታየኝ ውጤቱ ብቻ ነበር። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን እናስተካክለዋለን» አልኳትና አስተኛኋት።

ነገሩን ቀላል አድርጌ ያልተውኩት በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ዛሬም ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም የሚጠብቃቸው በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ከተሰጡት አማራጮች መልስ መምረጥ ስለሆነ፣ ብዙ ልጆች አንድ አንቀጽ አሳምሮ መጻፍን ችላ ይሉታል። ጉድለቱ የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጽሑፍ አዘጋጁ ሲባሉ፣ ወይም ለሥራ ሲያመለክቱ ነው።

እኔም ከዚሁ ጉድለት ነፃ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ የገባሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ትምህርቱ በሳተላይት እየተሰራጨ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሚሰጥበት ጊዜ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ታቀርብና ጥቂት ደቂቃ ሰጥታን፣ እኛ ጥያቄውን እንኳ ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ተናግራ ታልፋለች። እጅ ብናወጣም አታይም። የማያያዣ ቃላቱን ትምህርት የማስታውሰው እንደ አንድ ረጅም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ሸመደድነው እንጂ እያንዳንዱ ቃል ምን ሥራ እንዳለው አላወቅንም።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ ለአንድ አጭር ሥልጠና በእንግሊዝኛ አመለከትኩ፤ አልተጠራሁም። በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አልናገርም። ዳሩ ግን ቅጂውን በቅርቡ አግኝቼ ሳነበው «ምንም እንኳ ዲፕሎማ ብቻ ቢኖረኝም፣ ነገር ግን የረጅም ጊዜ ልምድ አለኝ» ለማለት በኦልዞ ጀምሬ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ በት ጨምሬበታለሁ። በአማርኛችን «ቢኖረኝም» ካልን በኋላ «ግን» ብንደርብበት ጆሮ አይቆረቁርም። በእንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማግባት ስሕተት ነው።

ቅዳሜ ደረሰና ቡና አፍልተን ተቀመጥን። ልጄ ለካ ቀድማኝ ድርሰቷን አርማዋለች። እንዴት አረመችው ቢሉ፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል ሰካችበት! «ሞርኦቨር ለሴቶች ትጽፋለች። ሀውኤቨር ወንድሜ ትንሽ ነው። ዜርፎር እናቴን እወዳታለሁ።» ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «ወንድምሽ ትንሽ በመሆኑ ነው እንዴ የምትወጂኝ?» ብላት እርሷም ሳቀች። በርበሬ ወጥ ያጣፍጣል ተብሎ ወተት ውስጥ አይጨመርም። ማያያዣ ቃልም ጌጥ አይደለም፤ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና የሚናገር ምስክር ነው። ዝምድናው ሳይታወቅ ቃሉ አይመረጥም።

ችግሩ የሚመነጨው ከሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ ጭምር ይመስለኛል። አማርኛችን ማያያዣውን ከግሡ ጋር ይሰፋዋል። «ስለመጣች፣ ስትመጣ፣ ብትመጣ፣ እንደመጣች» ስንል ግሡ ራሱ ማያያዣውን ለብሶ ይቀርባል። «ተነሥቼ፣ ቁርስ ሠርቼ፣ ልጆቹን አብልቼ፣ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ» ብንል ደግሞ አራቱ ሥራ ተንጠልጥሎ ይቆይና በመጨረሻዋ ማሰሪያ አንቀጽ በ«ወጣሁ» ይታሰራል። እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማያያዣውን ራሱን እንደቻለ ቃል ከሐረጉ ፊት ያቆመዋል። በአማርኛ አስባ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ልጅ ግሡን ስትተረጉም ማያያዣው በመንገድ ይወድቅባታል።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ በአራት ከፍለን ጻፍነው። ልጅ ላላችሁ እናቶች ይጠቅማችሁ ይሆናልና እዚህም ላስፍረው።

አንደኛው ክፍል ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት እና ሶ የሚባሉት ሰባት አጫጭር ቃላት ናቸው። የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎቻቸው ሲደረደሩ ፋንቦይስ ስለሚሉ ለማስታወስ ይመቻሉ። ሁለት እኩያ ዓረፍተ ነገሮችን ያጋባሉ፤ ሲያጋቡም ከፊታቸው ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል።

ሁለተኛው ክፍል እንደ ቢኮዝ፣ ኦልዞ፣ ዌን እና ኢፍ ያሉት ናቸው። እነዚህ የገቡበትን ዓረፍተ ነገር የሌላው ጥገኛ ያደርጉታል። ጥገኛው ከፊት ከመጣ በነጠላ ሰረዝ ይለያል፤ ከኋላ ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰረዝ አያስፈልገውም። በአማርኛ «ምክንያቱም» ብለን አዲስ ዓረፍተ ነገር እንጀምራለን። ልጆችም ይህንኑ ለምደው በቢኮዝ ጀምረው፣ ጥገኛውን ብቻ ጽፈው ነጥብ ያደርጉበታል፤ ይህ በትምህርት ቤት ጽሑፍ እንደ ጎደሎ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ክፍል ሀውኤቨር፣ ዜርፎርና ሞርኦቨር ናቸው። ግርማ ሞገስ ቢኖራቸውም ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ የማሰር ጉልበት የላቸውም። ከፊታቸው ነጥብ፣ ወይም እንደኛ ድርብ ሰረዝ ያለውን ሴሚኮለን ይፈልጋሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ይከተላቸዋል።

አራተኛው ክፍል ለሰው ሁ፣ ለነገር ዊች የሚባሉት ናቸው። «እናቴ ጋዜጠኛ ናት። ለሴቶች ትጽፋለች» የሚሉት ሁለቱ በሁ አማካይነት «እናቴ ለሴቶች የምትጽፍ ጋዜጠኛ ናት» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተለወጡ። ልጄም ዘዴው ገባት።

ቀጥለን ወደ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ዓረፍተ ነገር መጣን። «አምሽታ ትገባለች። ወንድሜ ትንሽ ነው። እራት እሠራለሁ። የእነዚህ ዝምድና ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ዝም አለች። የስኒውን ጆሮ ስትነካካ ቆየችና «ቢኮዝ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሎ።

«ጻፊዋ!»

ጻፈች። «እናቴ አምሽታ ስለምትገባና ወንድሜ ትንሽ ስለሆነ፣ እራት እሠራለሁ።» እኔ ሳልጠይቃት ደግሞ ሶን ጨምራ ቀጠለች፤ «ስለዚህ ማታ አላጠናም።»

ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሐሙስ ማታ ያነበብኳቸው እነዚያው ቃላት ናቸው፤ አንድም አዲስ ወሬ አልተጨመረባቸውም። ነገር ግን በነጥብ ተለያይተው ሳሉ ያልተናገሩትን፣ ሲያያዙ ተናገሩት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶች ወደው አይደለም።

«መጀመሪያውኑ ለምን እንዲህ አድርገሽ አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«እንደዚያ ሲሆን አንቺን የምከስ ይመስላል ብዬ ነው፣ እማዬ» አለችኝ።

መምህሯም እኔም የችሎታ ማነስ ያልነው ነገር፣ ለካ በከፊል የልጅ ይሉኝታ ኖሯል። ስለ ሴቶች ድካም፣ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በየሳምንቱ የምጽፍ ሴት፣ የራሴ ልጅ እኔን ላለማሳጣት ብላ ሰባት ነጥብ ስትደረድር አላየሁም። እንባዬ መጣ፤ ነገር ግን እርሷን ላለማስደንገጥ ጀበናውን ለማንሳት ብድግ አልኩ።

የቀረችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነበረች። «እናቴን እወዳታለሁ» የምትለው ከፊተኛው ጋር በምን ትያያዝ? ኦልዞን መረጥን። በኦልዞ ግን ሁለት መንገድ አለ። «ምንም እንኳ እናቴን ብወዳት፣ ማታ ማጥናት አልችልም» ይባላል፤ ገልብጦም «ምንም እንኳ ማታ ማጥናት ባልችል፣ እናቴን እወዳታለሁ» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ይለያያል። በኦልዞ የተጀመረው ክፍል «ይሁን» ተብሎ የሚታለፈው ሲሆን፣ ጸሐፊዋ አጥብቃ የምትናገረው ዋናው ክፍል ነው። ይህን አስረድቼ «የቱ ነው ያንቺ?» አልኳት።

እርሳሷን ነክሳ አሰበች። «ሁለቱም እውነት ነው» አለች። «ሁለተኛውን ለመምህሬ እሰጣታለሁ። አንደኛውን ለአንቺ።»

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በጂቡቲ መንገድ ላይ ነው። እሑድ ማታ ሲገባ ወረቀቱን አሳየሁትና ሦስታችን ተቀምጠን ተመካከርን። እሑድና ረቡዕ የሁለት የሦስት ቀን ወጥ እኔ ሠርቼ እንዳስቀምጥ፣ አባቷ ቤት በሚያድርበት ቀን ትንሹን ልጅ አብልቶ እንዲያስተኛ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ደግሞ ማንም የማይነካው የልጃችን የጥናት ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። በሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቴ ትንሹን ልጅ እቤቷ ልታቆይልኝ ፈቀደች። እኔም የእርሷን ልጆች ቅዳሜ ጠዋት እይዝላታለሁ። በመሥሪያ ቤትም ገጾቼን ረቡዕ ጨርሼ ለማስረከብ ጠይቄአለሁ፤ አንዳንድ ሳምንት ይሳካል፣ አንዳንድ ሳምንት አይሳካም።

ሁሉም ተቃንቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ሐሙስ አሁንም አመሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ወጡ አልቆ ልጄ ደብተሯን ዘግታ ሽንኩርት ስትከትፍ ደርሻለሁ። ልዩነቱ አሁን ትነግረኛለች፤ «እማዬ፣ ዛሬ አላጠናሁም፣ ቢኮዝ…» ትላለች። እኔም እስከ መጨረሻው አዳምጣታለሁ።

እናቶች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ደብተር ስትገልጡ ቀዩን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትክደኑት። እንግሊዝኛ አናውቅም የምትሉም ብትሆኑ ልጁን በአማርኛ «ይህ ከዚያኛው ጋር በምን ይገናኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ መልሱን ያወቀ ልጅ ማያያዣ ቃሉን አያጣውም። ስትጠይቁ ግን ጊዜ ወስዳችሁ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ እናንተ ሊሆን ይችላልና።

ልጄ ለእኔ የሰጠችኝን ዓረፍተ ነገር በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ። ነጠላ ሰረዙ በቦታው ነው።