«እርጅና ነው» አልን

አያታችን ቡናውን ከስኒው አሳልፈው ረከቦቱ ላይ ሲቀዱ እኛ የልጅ ልጆች እንስቅ ነበር። በድምፃችን ካልሆነ አልለይ ሲሉንም «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው፤ እሳቸውም አምነው ተቀበሉ። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ዜና ፍለጋ ከተማውን ስንዞር፣ የሳሎናችን ዜና አመለጠን!

አንድ እሁድ ነርሶች የእድራችን ድንኳን ውስጥ የዓይን ምርመራ አደረጉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በ6 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጅ ማሳየት። አያታችን ትልቁንም አላዩትም። ነርሷ ባትሪ አብርታ ብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር አየች። የዓይን ሞራ!

እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን በተካሄደ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ መንስኤው ይኸው ሞራ ነበር። ጠብታ አያነሳውም፤ በቀዶ ሕክምና የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። ግላኮማ ቢሆን ኖሮ ግን የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ቀድሞ መመርመር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ፋሻው የተፈታ ዕለት አያታችን ትክ ብለው አዩንና «ምነው፣ እንዲህ ትልልቅ ሆናችሁ?» አሉ። ያኔ አልሳቅንም። ስንት ዓመት እንዳላዩን ቆጠርን።

እስቲ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ከዚያም ሌላውን፣ ጣታችሁን እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። ከሳቱ ግን እንዳትስቁ።