የደን ውጤቶች ትምህርትና የመጋዝ ቤቱ ጥያቄ

የደን ውጤቶች ሥርዓተ ትምህርት በተከለሰ ቁጥር «የኢንዱስትሪው ፍላጎት» የሚለው ሐረግ ከሰነዱ መግቢያ አይጠፋም። ፍላጎቱ የሚጠየቀው ግን ማን ነው? መጠይቁ የሚላከው ምሩቃንን ለሚቀጥሩ ጥቂት ድርጅቶች ነው። የአገራችን እንጨት በአብዛኛው የሚያልፈው ግን በአጣና ነጋዴው፣ በመጋዝ ቤቱና በሰፈሩ አናጢ እጅ ነው። እነርሱ ምሩቅ ስለማይቀጥሩ ከመጠይቁ ውጭ ይቀራሉ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በተዘዋወርኩባቸው የአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባሕር ዛፉ ለምን ይሰነጠቃል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በፍጥነት ያደገ ባሕር ዛፍ በግንዱ ውስጥ የእድገት ውጥረት ያዝላል፤ ሲቆረጥ ውጥረቱ ስለሚለቀቅ ጫፉ ገና እርጥብ ሳለ ይሰነጠቃል። ሌላው ጉዳት ከአደራረቁ የሚመጣ ነው። እርጥበቱ ከ30 ከመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል፤ ላዩ ከውስጡ እጅግ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ለቤት ዕቃ ወደ 12 ከመቶ ገደማ ሊወርድ የሚገባውን ጣውላ አናጢው በመዳፉ ዳስሶ «ደርቋል» ይላል። የተበላሸው በማገዶ ዋጋ ይሸጣል፤ ደንበኛውም ከውጭ ወደሚገባው ኤምዲኤፍ ፊቱን ያዞራል።

እኛ በቤተ ሙከራ የእርጥበት መጠንን በግራም መዝነን አስልተናል። ጣውላ እንዴት እንደሚደረደር፣ በየድርድሩ መካከል የሚገባው ቀጭን እንጨት በምን ያህል ርቀት እንደሚቀመጥ፣ የግንዱ ጫፍ በምን እንደሚቀባ ግን በእጃችን አልሞከርንም። ለልምምድ የቀረቡልን ናሙናዎች በብዛት ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ነበሩ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው እነዚሁ ዛፎች ናቸው። (እነርሱን መለየት ለደን ጥበቃ እንደሚጠቅም አልክድም።)

ዩኒቨርሲቲ የአናጢ ማሠልጠኛ አይደለም የሚል መከራከሪያ ይሰማል። እስማማለሁ፤ መላጊያ መሳል የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ድርሻ ነው። ለደጋው ባሕር ዛፍ፣ ለክረምቱና ለበጋው አየር የሚስማማ የአደራረቅ ሥርዓት ማውጣት ግን የአናጢ ሥራ አይደለም፤ መለካትን፣ ማነጻጸርንና መመዝገብን የሚጠይቅ ምርምር ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአንድ መጋዝ ቤት የጣውላ ቁልል አጠገብ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቢቆይ፣ ለባለቤቱም ለመመረቂያ ጽሑፉም የሚበቃ መረጃ ይሰበስባል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእርጥበት መለኪያ፣ ሚዛንና መዝገብ፣ እንዲሁም የመስክ ቆይታውን በክሬዲት የሚቆጥር ትምህርት ክፍል ነው።