ስልሳው ቀን አለፈን



ይህን የምንጽፍላችሁ የገበዝ ማርያም ልጆች፣ አራት ወንድምና እህት ነን። አባታችን ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ በሚራስ ጉዳይ ከዘመዶቻችን ጋር ተካሰስን። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ወደን ፈርመናል፤ በዚህ ዛሬም አንቆጭም። የሚቆጨን ሌላ ነው።

አባታችን በሕይወት ሳሉ ቤቱን ለእናታችን በሂባ መስጠታቸውን የሚያውቁ አንድ ሸኽ ነበሩ። በምስክር መስሚያው ቀን መንገድ ተዘግቶ ቀሩ። ሌላ ቀጠሮ ጠየቅን፤ ችሎቱ አልፈቀደም። ዝም አልን። ቃዲ ፊት ደግሞ መናገር ነውር መስሎን ነበር። ተቃውሟችንን እንኳ በመዝገብ አላስያዝንም።

ለካ አደብና ዝምታ አንድ አይደሉም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚፈርደው በእስልምና ሕግ ቢሆንም፣ ክርክሩ የሚመራው በመደበኛው ሥነ ሥርዓት ነው፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ ይላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 320 ቀጠሮ በመከልከል ወይም ማስረጃ ባለመቀበል ላይ ወዲያው ይግባኝ አይባልም ይላል። የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ግን ያ ትእዛዝ የይግባኝ ምክንያት ሆኖ ይነሳል። ጊዜው 60 ቀን ነው።

የኸዲጃ በሽርን ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እሳቸው የተቃወሙት እኛ የፈቀድነውን ነው፤ የውርሱ ክርክር ያለ ፈቃዳቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት መታየቱን። ተቃውሟቸውን ገና ከጅምሩ አነሱ፣ በየደረጃው ይግባኝ አሉ፣ ሰበር ሰሚው ችሎትም አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፈቃድ ሳይኖር መዳኘቱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነላቸው። በውጤቱ ላይ የየራሳችን ሐሳብ ይኖረናል። እኛን ያስቀናን ግን አንድም ቀን ዝም አለማለታቸው ነው።

እኛ ከፍርዱ በኋላ ሱልህ ጀመርን። ሽማግሌዎቹ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሲመላለሱ ከወር በላይ ሄደ። ወኪላችን «ቀኑ የሚቆጠረው ግልባጭ ከወሰዳችሁ ጀምሮ ነው» ብሎን ተኝተናል። ከዚያ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ይግባኙን ይዘን የደረስነው በ67ኛው ቀን ነበር። ሬጅስትራሩ አልተቀበለንም፤ ሆኖም በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ እንደምንችል ነገረን።

በንዴት ሁሉንም በወኪሉ ላይ አድርገን ጻፍን። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ አነበቡና ያንን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዙት። «ልጆቼ፣ የወኪል ጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ሕጉ ራሱ ይላል። አንቀጽ 326ን አንብቡ» አሉን። ሱልሁንም ሰረዙት፤ በፈቃዳችን የቆየንበት ነውና። «ስልሳው ቀን ሊያልቅ ሲል የት ነበራችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ቀን በቀን ቆጠርን። ከ54ኛው እስከ 66ኛው ቀን መኪና አልነበረም፤ የቀበሌ ደብዳቤ አመጣን። እህታችን በዚያው ሰሞን ወልዳ ተኝታ ነበር፤ የሆስፒታል ካርዷን አያያዝን። ሁለት ገጽ የነበረው እሮሯችን ግማሽ ገጽ ሆነ። በ8ኛው ቀን አስገባን፤ አልሐምዱሊላህ።

ፈቃዱ ገና አልተሰጠንም። ቢሰጠንም ይግባኝ የመጠየቅ በሩ ይከፈትልናል እንጂ ቤቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። ሸኹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ እጃችንን ይዘው «ቀጠሮው ደረሰ?» ይሉናል።