የቤት ሠራተኛዋ ሚኒስትር

ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፉት ጽሑፎች ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ከየትኛው ኮሌጅ በምን ማዕረግ እንደተመረቁ ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ሴት ግን ከትምህርት ቤት ጋር እምብዛም ያልተዋወቀች ናት። ሚና ሲላንፓ ትባላለች፤ አገሯ ፊንላንድ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረች ስትሆን በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ለመሆን በቅታለች። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የተወለደችው በ1866 ዮኪዮይነን በሚባል ገጠር ከድሀ ገበሬ ቤት ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። ከ1866 እስከ 1868 ድረስ በፊንላንድ የገባው ረሀብ ከመቶው ሕዝብ ስምንት ያህሉን ጨርሷል። ሕፃኗ ሚና ከዚያ ተርፋ አደገች።

ትምህርቷስ? በዚያን ዘመን በፊንላንድ ገጠር ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት የሚሉት ነገር ነበር። መምህሩ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ጥቂት ሳምንታት ያስተምርና ጓዙን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ማንበብና የሃይማኖት ትምህርት እንጂ ሌላው ብዙም አይነካም። ሚናም ከዚህ እምብዛም ሳታልፍ በ12 ዓመቷ ፎርሳ በሚባለው ከተማ ጥጥ ፋብሪካ ገባች። ቀጥሎም ምስማር ፋብሪካ ሠራች። በ18 ዓመቷ ገደማ በቤት ሠራተኛነት ተቀጠረች። የቀድሞ ስሟን ቪልሄልሚና ሪክቲግን ትታ ሚና ሲላንፓ የተባለችውም ያኔ ነው።

እንግዲህ የቤት ሠራተኛ ኑሮ እዚያም ቢሆን የሚያስቀና አልነበረም። በ1865 የወጣው የአሽከሮችና የገረዶች ሕግ ሠራተኛዋን ከነጉልበቷ በጌታዋና በእመቤቷ ሥልጣን ሥር ያደርጋታል። ውሉ የዓመት ነው፤ ከፋኝ ብላ መሀል ላይ ጥላ ብትወጣ ሕግ እንደጣሰች ይቆጠራል። ይህ ሕግ የተሻረው በ1922 ነው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ቆየ ማለት ነው።

ሚና በ1898 በሄልሲንኪ የቤት ሠራተኞችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ሆነች። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላቸዋለን። አንዳንዱ ሰው ሚኒስትር እስኪሆኑ ይጠብቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ለአንቱታ ያበቃቸው ይኸኛው ሥራ ነው ባዮች ነን። ፋብሪካ ውስጥ ሺህ ሰው አንድ ጣራ ሥር ስለሚውል መነጋገር ይቀላል። የቤት ሠራተኛ ግን አንዷ እዚህ ማድ ቤት፣ አንዷ እዚያ ማድ ቤት ናት። ታዲያ እነዚህን ማሰባሰብ ቀላል ነው እንዴ? ወይዘሪት ሚና ሥራ ያጡት የሚያርፉበትን ቤትና ሥራ አገናኝ ጽሕፈት ቤቱን መሩ፤ ለሠራተኞች የሚታተም መጽሔትም አዘጋጁ።

ፊንላንድ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ሳለች በ1906 ሴቶች የመምረጥም የመመረጥም መብት አገኙ። በ1907 በተደረገው ምርጫ ከ200 የምክር ቤት አባላት 19ኙ ሴቶች ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ሉሲና ሃግማንና ሂልያ ፓርሲነን ያሉ መምህራን ነበሩ (ይህን ስናነብ ደስ አለን፣ አንደብቅም)። ወይዘሪት ሚናም አብረዋቸው ገቡ። አልፎ አልፎ ከመቋረጡ በቀር እስከ 1947 ድረስ በምክር ቤት 38 ዓመት ያህል ሠርተዋል።

ሚኒስትርነቱስ? በታኅሣሥ 1926 በቫይኖ ታነር መንግሥት ሁለተኛዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ካቢኔው ከአንድ ዓመት በኋላ ስለወደቀ እሳቸውም ወረዱ። ስማቸው በየመጽሐፉ የሚነሳው በዚህች አንድ ዓመት ነው፤ ይገርማል።

ይህን ታሪክ በመኝታ ቤታችን ስናወራው ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ያለ ትምህርት ይህን ያህል ከተደረሰ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ያ ዞሮ ሂያጅ አስተማሪ ፊደል ባያስቆጥራት ኖሮ መጽሔቱን በምን ታዘጋጀው ነበር?» ሲል መለሰለት። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። የዚያን አስተማሪ ስም ግን ማንም አያነሣውም፤ እሱም ማንን እንዳስተማረ ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል። የፊተኛውም ጓደኛችን ቢሆን የዋዛ አይደለም። «ፊደል የቆጠረው መንደሩ ሁሉ ነው፤ ማኅበር ያቋቋመው ማነው?» ብሎ አፋጠጠን። ኧረ ይህስ መልስ ይፈልጋል።

ወይዘሪት ሚና አላገቡም፣ አልወለዱም። ዳሩ ግን በእርጅናቸው የያዙት ትልቁ ሥራ ያለ ባል የሚወልዱ እናቶችን መርዳት ነበር። የቤት ሠራተኛ ስታረግዝ ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ፊንላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እሳቸው በ1942፣ በጦርነቱ መካከል፣ እናትና ሕፃን አብረው የሚጠለሉበት የመጀመሪያው ቤት በሄልሲንኪ እንዲከፈት አደረጉ። በ1945 የእነዚህ ቤቶች ኅብረት ሲመሠረት ሊቀመንበሩ እሳቸው ነበሩ። በ1952 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን በፊንላንድ ስለ እሳቸው ባንዲራ ይሰቀላል፤ እነዚያ ቤቶችም ዛሬ ድረስ እናቶችን ከነልጆቻቸው ይቀበላሉ።